ውሃን በክሎሪንና በሌሎች ቀላል ኬሚካሎች ማከም፦ በችግር ጊዜ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎርፍ ሲመጣ፣ ቧንቧ ለሳምንት ሲጠፋ፣ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል ወይም ራቅ ወዳለ ገጠር ለሥራ ሲወጣ፣ የሚጠጣው ውሃ ከወንዝ፣ ከኩሬ ወይም ከየት እንደተቀዳ ከማይታወቅ ቦቴ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ጎርፍ ሲመታት፣ በዚያው ዓመትም አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በየክልሉ ሲዛመት፣ ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ማገዶ ካለ ማፍላት ይቀድማል። ማገዶ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ በረኪና ወይም ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ እንክብል ነፍስ ያድናል። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በኬሚካሉ ምርጫ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው፤ ስለዚህ መልሶቹም እዚያው ላይ ረዘም ይላሉ።

በረኪና እኮ የልብስ ነው። እንዴት ለመጠጥ ይሆናል?

የከተማ ቧንቧ ውሃ የሚታከመውም በክሎሪን ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጀርም ገዳይ ክሎሪን ይለቃል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የሚጠጣው በረኪናው ሳይሆን ሁለት ጠብታ የገባበት አንድ ሊትር ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎሪን ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ በታች የምናየው ልክም ሲገባ ለዚያ የቀረበ ነው፤ በረኪናው ጠንካራ ሲሆን ወይም ልኩ እጥፍ ሲደረግ ግን መጀመሪያ ላይ ሊያልፈው ይችላል፤ በመጠበቂያው ጊዜ ደግሞ ከቆሻሻው ጋር እየተዋጋ ይቀንሳል።

ሁሉም በረኪና ግን አይሆንም። የአበባ ወይም የሎሚ ሽታ የተጨመረበት፣ ቀለም ያለው፣ ሳሙና የተቀላቀለበት ወይም እንዳይረጭ ተብሎ የተወፈረ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ አይግባ። ጽሑፉ ላይ ሶዲየም ሃይፖክሎራይትና ውሃ ብቻ ያለበትን ይምረጡ። ከገበያ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጠውን ነገር እኔ ለውሃ አልመክርም። ጥንካሬው አይታወቅም፣ መቼ እንደተመረተ አይታወቅም፣ ከዚህም በላይ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሣዋል።

ልኩ ስንት ነው?

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ በመቶ ስንት እንደሚል ያንብቡ። ከ4 እስከ 9 በመቶ ለሚል በረኪና፣ ለጠራ ውሃ በአንድ ሊትር 2 ጠብታ ይበቃል። 1 በመቶ ብቻ ከሆነ 10 ጠብታ ያስፈልጋል። ውሃው ከተጠለለ በኋላም ደፍርሶ ወይም ቀለም ይዞ ከሆነ፣ ወይም በጣም ከቀዘቀዘ፣ ልኩን እጥፍ ያድርጉት።

ጀሪካን ላይ ጠብታ መቁጠር ያደክማል፣ መሐል ላይም ይጠፋል። 20 ጠብታ ገደማ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ በሊትር 2 ጠብታ ለሚበቃው በረኪና ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር፣ ለ25 ሊትሩ ደግሞ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው። ከፋርማሲ አንድ ሲሪንጅ ገዝተው መርፌውን አውልቀው ይጣሉና በቱቦው ላይ ባለው መስመር ይለኩ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ይሁን። ሲሪንጅ ከሌለ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለ20 ሊትር ከግማሽ ማንኪያ በትንሹ ያነሰ ማለት ነው። «አንድ ክዳን» የሚለውን ልማድ ግን ይተዉት። የአንዱ በረኪና ክዳን ከሌላው እጥፍ ሊይዝ ይችላል። በክዳን መለካት የሚቻለው ራሱ ጠርሙሱ በክዳኑ ለኩ ብሎ ሲያዝ ብቻ ነው።

ድፍርስ ውሃ ላይ በረኪናውን ጨመር ባደርግበት አይበቃም?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳተው። ክሎሪን ጀርምን ከአፈር ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ቆሻሻ፣ ቅጠልና ጭቃ ሁሉ ሲዋጋ ያልቃል። ጀርሞቹ ደግሞ በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ተሸሽገው ይተርፋሉ። ጥቁር ቡና የመሰለ የጎርፍ ውሃ ላይ ሦስት እጥፍ በረኪና ቢያፈሱ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥና ንጽሕናው ግን የማያስተማምን ውሃ ይዘው ይቀራሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይጥለል። ውሃውን ማታ በባልዲ ወይም በጀሪካን ቀድተው ሳይነካኩ ያሳድሩት። ጠዋት ከታች የጭቃ ዝቃጭ ተኝቶ ያገኙታል። ጀሪካኑን ብድግ አድርገው ከገለበጡት ያደረው ሁሉ መልሶ ይበጠበጣል፤ ስለዚህ ቀስ አድርገው አዘንብለው የላይኛውን ብቻ ያንቆርቁሩ፣ ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ከላይ አስገብተው ወደ ታች ይሳቡት። ጎማውን በአፍ ከመሳብ ይልቅ በውሃ ሞልተው በጣት ደፍነው መልቀቅ ይሻላል። የመጨረሻዋን አንድ ሁለት ሊትር ለእግር መታጠቢያ ይተዉት።

ቀጥሎ በጨርቅ ይጠለል። ያረጀና ተደጋግሞ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ከአዲስ ይሻላል፤ ክሩ አብጦ ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የወጣ ጥናት፣ ሳሪ የሚባለውን የሴቶች ልብስ አሮጌውን አራት ወይም ስምንት እጥፍ አጥፈው ውሃ ያጠለሉ መንደሮች የኮሌራ በሽተኛ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ እንደወረደላቸው አሳይቷል። ያለ አንዳች ኬሚካል መሆኑ ነው። አሮጌ ነጠላም አራት እጥፍ ተደርጎ ለዚህ ይሆናል፤ በየጊዜው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ሁልጊዜም ያው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። በረኪናው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሽፈራው ፍሬ ውሃ ያጠራል የሚባለው እውነት ነው?

ያጠራል። ኮንሶና ጋሞ አካባቢ ቅጠሉ የሚበላው ሽፈራው ፍሬው ውስጥ፣ የጭቃውን ቅንጣት ስቦ አንድ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን አለ። የደረቀውን ፍሬ ልጠው ነጩን ይወቅጡት፣ በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ያጥልሉትና ፈሳሹን ድፍርሱ ውሃ ላይ ይጨምሩ። መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፈጠን አድርገው፣ ከዚያ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ በዝግታ ያማስሉና አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉት። ጭቃው ተጓጉሎ ሲወርድ ያዩታል።

ነገር ግን ጠራ ማለት ታከመ ማለት አይደለም። ኩልል ያለ ውሃ የኮሌራ ጀርም ሊይዝ ይችላል። ደግሞም ከፍሬው የሚቀረው ንጥረ ነገር ለጀርም ምግብ ስለሚሆን፣ በሽፈራው ብቻ የጠራ ውሃ አያድርም። ሽፈራው የጨርቁንና የማሳደሩን ሥራ ያግዛል፤ ክሎሪኑ አይቀርም።

30 ደቂቃ መጠበቅ የግድ ነው? የተጠማ ሰው ፊት ላይ?

የግድ ነው። በረኪናው ከገባ በኋላ ጀሪካኑን ክዳኑን ገጥመው በደንብ ይበጥብጡ፤ ከዚያ ክዳኑን ላላ አድርገው ትንሽ ውሃ በክዳኑና በአፉ ጥርስ ላይ እንዲፈስ ያዘንብሉት። ያለዚያ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ታክሞ፣ አፉ ላይ የቀረው የወንዝ ውሃ ግን ሳይነካ ይቀርና የመጀመሪያው ጉንጭ ያንን ይዞ ይወርዳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አያጋጥምም።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ከፍተው ያሽትቱ። ፈዘዝ ያለ የክሎሪን ሽታ ካለ ውሃው ደርሷል፤ ሽታው ማለት ጀርሙን ጨርሶ የተረፈ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ምንም ሽታ ከሌለ ያንኑ ልክ ድገሙትና 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ያኔም ካልሸተተ ያንን ውሃ ይተዉትና ሌላ ምንጭ ይፈልጉ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር፣ ጠዋት እጅ የሚያቆረፍድ ውሃ ከሆነ 30ው ደቂቃ አንድ ሰዓት ይሁን።

ሽታውንና ጣዕሙን ቤተሰቤ አልቻለውም። ምን ይሻላል?

ጊዜው ከሞላ በኋላ ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግመው ይገልብጡት፣ ወይም አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ሰዓት ያቆዩት። አንድ ቁንጥር ጨውም ጣዕሙን ያሻሽላል። ሎሚ መጭመቅ ለሚወዱ፦ ከ30 ደቂቃው በፊት በፍጹም። በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ክሎሪኑን ያጠፋዋል። የብርቱካን ዱቄት ጭማቂም እንደዚሁ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ በሚጠጡበት ብርጭቆ ላይ ብቻ ከጨመሩት ችግር የለውም።

ውሃ አጋር፣ አኳታብስ፣ ከረጢት ዱቄት... የትኛው ይሻላል?

ካገኙ ሁሉም ከልብስ በረኪና ይሻላሉ፤ ልካቸው ተለክቶ የመጣ ነውና። ውሃ አጋር ከበረኪና የቀጠነ የክሎሪን ፈሳሽ ስለሆነ ከላይ ያለው የጠብታ ቁጥር ለእርሱ አይሠራም፤ ጠርሙሱ ላይ የታዘዘውን ይከተሉ። የአኳታብስ እንክብል በተለያየ መጠን ይመረታል። ለ1 ሊትር የሆነ አለ፣ ለ20 ሊትር የሆነ አለ፤ መልካቸው ይመሳሰላል። በእርዳታ ሲታደል ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ አይጣሉት፤ የ20 ሊትሩን በአንድ ጠርሙስ ያሟሟ፣ የ1 ሊትሩን ደግሞ በጀሪካን የጣለ ሰው ይኖራል። እንክብሉ ይሟሟል እንጂ አይዋጥም። ይህም መነገር አለበት።

ለጎርፍ ውሃ ከሁሉ የሚሻለው ከረጢት ዱቄቱ ነው፤ ጭቃውን የሚያወርድ ንጥረ ነገርና ክሎሪን አንድ ላይ ይዟል። አገር ውስጥ የሚመረተው ቢሻን ጋሪ ከዚህ ወገን ነው። ከውጭ የሚመጣውና በዓለም አቀፍ እርዳታ የሚታደለው 4 ግራም ከረጢት ለ10 ሊትር ነው፦ 5 ደቂቃ ያማስላሉ፣ 5 ደቂቃ እስኪዘቅጥ ይጠብቃሉ፣ በጥጥ ጨርቅ ያጠልላሉ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይቆያል። ዝቃጩ ልጅና ከብት በማይደርስበት ይደፋ።

አዮዲን ይሆናል? ፖታሲየም ፐርማንጋኔትስ?

2 በመቶ የሆነው የአዮዲን ቲንክቸር ለጠራ ውሃ በሊትር 5 ጠብታ፣ ለድፍርሱ 10 ጠብታ ገብቶ 30 ደቂቃ ይቆያል። ለቁስል ከሚሸጠው ፖቪዶን አዮዲን ጋር ግን አያምታቱት፤ ስሙ ይቀራረባል እንጂ ልኩ ሌላ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ የእንቅርት ሕመም ላለበትና አዮዲን ለማይስማማው ሰው አይሰጥ። ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት የሚጠጣም አይደለም።

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚሉት ወይን ጠጅ ቀለም ክሪስታል ለዚህ አያስተማምንም። ልኩን በቤት መቆጣጠር ከባድ ነው።

ክሎሪን የማይገድለው ምን አለ?

የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም በቀላሉ ይጨርሳል፤ በአተት ጊዜ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሐኪም ቤት ሁሌ የሚነገረን አሜባና ጃርዲያ ግን ጠንካራ ቅርፊት ስላላቸው ከ30 ደቂቃ በላይ ሊቋቋሙ ይችላሉ፤ በተለይ ውሃው ሲቀዘቅዝ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ደግሞ በዚህ ልክ ክሎሪንም አዮዲንም ንቅንቅ አያደርገውም። በማፍላት ይሞታል።

ጋምቤላ አካባቢ ያለው የጊኒ ዎርም ሌላ ታሪክ ነው። የትሉን እጭ የተሸከሙት ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ናቸው፤ መድኃኒቱ ማጥለል ነው፣ ለዚሁ የሚታደለው ማጥለያ ጨርቅ ወይም በአንገት የሚንጠለጠለው የመምጠጫ ቱቦ። ኩሬው ላይ የሚጨመረው አቤት የተባለ ኬሚካል የባለሙያ ሥራ ነው፣ ማንም በቤቱ አይሞክረው። ቢልሃርዚያ ደግሞ የሚይዘው ባብዛኛው ውሃው ውስጥ ሲቆሙ በቆዳ በኩል ስለሆነ፣ የጀሪካኑ ክሎሪን ውሃ ለመቅዳት ጉልበቱ ድረስ የገባውን ልጅ አያድነውም።

ኬሚካል የተበከለ ውሃ ላይ ክሎሪን ምንም አያደርግም። እንደ አቃቂ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት፣ ነዳጅ የተንሳፈፈበት፣ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የታጠበበት ውሃ ለመጠጥ አይታሰብ። በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም በክሎሪን አይወጣም። ሲፈላ ደግሞ ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይባስ ይጠነክራል። ለእርሱ የተቃጠለ አጥንት ማጣሪያን የመሰለ የተለየ ዘዴ አለው።

ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ማፍላት አይበቃም ይባላል። እንዲያውም ክሎሪን ይሻላል?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያም ጀርም ለመግደል ይበቃል። የሚመከረው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆኑ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች 1 ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ማገዶ ማባከን ነው። ክሎሪን የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ የፈላ ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ የቆሸሸ ጣሳ ቢገባበት ምንም መከላከያ የለውም፤ ክሎሪን የተረፈበት ውሃ ግን ለተወሰነ ጊዜ ራሱን ይጠብቃል።

ለሕፃናትስ?

ከስድስት ወር በታች ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ውሃ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ በሙቀትም ቢሆን የእናቱ ጡት ይበቃዋል። በጣሳ ወተት ለሚያድግ የፈላ ውሃ ይቅደም፣ ካልተቻለ በትክክል ተለክቶ የታከመ ውሃ ይሆናል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስም በታከመ ውሃ ይበጥበጥ።

የታከመው ውሃ ስንት ቀን ይቆያል?

አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ በጥላ ከተቀመጠ አንድ ቀን ያህል ይተማመኑበት፤ ከዚያ ሽታው ከጠፋ ግማሹን ልክ ሳይሆን ሙሉውን መልሰው ያክሙ። እንስራ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ግን ሸክላው ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ብረት ዕቃም አይመረጥም። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ነዳጅ የያዘ ከነበረ ለውሃ አይሁን፣ የቱንም ያህል ቢታጠብ። አረንጓዴ የያዘ ጀሪካን በጥቂት ጠጠርና ሳሙና ተንጦ ከታጠበ በኋላ በረኪና ባለበት ውሃ ሞልተው 30 ደቂቃ ያቆዩት። ጣሳ እየነከሩ ከመቅዳት እያዘነበሉ ማፍሰስ ይሻላል፤ እጅ የነካው ጣሳ የጠዋቱን ልፋት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የጠበል ውሃ ላይም ይጨመር?

የጠበሉን ነገር ለካህናቱ እተዋለሁ። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ጠበል አካባቢ አተት ደጋግሞ ታይቷል፤ ምክንያቱ የመጸዳጃ እጦትና መጨናነቅ ነው። እዚያ የሚያድር ሰው የሚጠጣውንና የሚያበስልበትን ውሃ ለብቻው ይዞ ቢያክም ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም።

አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ ያለው ብሊች ልኩ ይለያል?

የካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በበረዶ ስትመታ ሚሊዮኖች ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ሲባሉ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ ዳላስና ሂውስተን ላሉ ወገኖች ጥያቄው ከዚያ ወዲህ እንግዳ አይደለም። ሽታ የሌለውን ተራውን ይግዙ። 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ጋሎን 8 ጠብታ፣ 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ፣ 30 ደቂቃ። ከተመረተ ዓመት ያለፈው ብሊች ኃይሉ ስለሚወርድ በመጠባበቂያነት አያስቀምጡት።

በስህተት ብዙ ብጨምርስ? ልጅ በረኪናውን ቢጠጣስ?

ለውሃው ከሆነ ቀላል ነው፤ ሌላ የጠራ ውሃ ጨምረው ያቅጥኑትና እንደገና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ለዕቃና ለወለል ያውሉት። ልጅ ከጠርሙሱ ከተጎነጨ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥምጠው፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ይዘው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በምንም ምክንያት አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠርሙሱ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ ከነጽሑፉ፣ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ የተከፈተበትን ቀንም በማርከር ይጻፉበት።